የካሜራው መለወጥና የሥራው ጽናት



በዘመናችን በመሥሪያ ቤትም ሆነ በመኖሪያ ቤት መሣሪያ ሳይለወጥ ብዙ ጊዜ አይቆይም። በብዕር ይጻፍ የነበረው ደብዳቤ በታይፕ ተመታ፤ በታይፕ ይመታ የነበረውም ወደ ኮምፒዩተር ገባ፤ የመዝገብ ቤቱን መደርደሪያ ይሞላ የነበረው ፋይል ዛሬ ከእጅ መዳፍ በማያልፍ ዕቃ ውስጥ ይከማቻል። አዲስ መሣሪያ በመጣ ቁጥርም ሰዎች በሁለት ወገን ይከፈላሉ። አንደኛው ወገን «አሮጌውን ሁሉ ጣሉት» ይላል፤ ሁለተኛው ደግሞ «አዲሱን ሁሉ አታስገቡት» ይላል። ዳሩ ግን ከሁለቱም የሚሻል ሦስተኛ መንገድ አለ። ይኸውም ከቀድሞው አሠራር ሸክሙ የቱ እንደ ሆነ፣ ሥራውስ የቱ እንደ ሆነ ለይቶ ማወቅ፤ ካወቁም በኋላ ሸክሙን ጥሎ ሥራውን አጥብቆ መያዝ ነው። ይህ ነገር ሲናገሩት ቀላል፣ ሲፈጽሙት ግን ከባድ ነው።

በዛሬው ንግግራችን ይህን ስለ ፈጸመ አንድ ሰው እናወሳለን። ሰውየው ሴባስቲያኦ ሳልጋዶ የሚባለው የብራዚል ተወላጅ ፎቶግራፍ አንሺ ነው። በፊልም ካሜራ ከሠላሳ ዓመት በላይ ከሠራ በኋላ በስድሳዎቹ ዕድሜው ወደ ዲጂታል ካሜራ የተሻገረ፣ እስከ 2025 ዓ.ም. ድረስም የኖረ ሰው ነው። ታሪኩ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ስሙ ከኮረም፣ ከላሊበላና ከሰሜን ተራሮች ጋራ የተያያዘ ነውና። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት፣ በእኛ አቆጣጠር ብለን ካልለየናቸው በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።

ሳልጋዶ በ1944 ዓ.ም. በብራዚል፣ ሚናስ ዤራይስ በተባለው ክፍለ ሀገር፣ አይሞሬስ በምትባል ከተማ ተወለደ። በትምህርቱ የምጣኔ ሀብት ባለሙያ ነበረ። አገሩ በወታደሮች አገዛዝ ሥር በወደቀችበት ጊዜ፣ በ1969 ዓ.ም. ከባለቤቱ ከሌሊያ ጋራ ወደ ፓሪስ ተሰደደ። ቀጥሎም ለንደን በሚገኘው በዓለም አቀፉ የቡና ድርጅት ተቀጥሮ ይሠራ ጀመር። እንግዲህ አንባብያን ሆይ፣ ይህ ሰው በመጀመሪያው እንደ እናንተ እንደ ብዙዎቻችሁ የጽሕፈት ጠረጴዛና የወር ደመወዝ ያለው፣ ሪፖርት የሚጽፍ የቢሮ ሠራተኛ ነበር ማለት ነው። ሥራውም ቡና አምራች ወደ ሆኑት የአፍሪካ አገሮች እየላከ ያመላልሰው ነበር።

የመጀመሪያዋ ካሜራ የእርሱ አልነበረችም። ባለቤቱ ሌሊያ ለሥነ ሕንፃ ትምህርቷ የሕንፃዎችን ሥዕል ታነሣባት ዘንድ በ1970 ዓ.ም. የገዛቻት ፔንታክስ ነበረች። ሳልጋዶ ይህችን ካሜራ ወደ አፍሪካ ይዞ ሲሄድ፣ ከሚጽፈው ሪፖርት ይልቅ የሚያነሣው ሥዕል ደስ እያሰኘው መጣ። በመጨረሻም በ1973 ዓ.ም. ደኅና ደመወዙን ትቶ ፎቶግራፍ አንሺነትን ሙያው አደረገ።

አሁን ጥቂት ወደ ኋላ ተመልሰን፣ በዚያን ጊዜ በእጁ የነበረው ዓይነት መሣሪያ ከየት እንደ መጣ እንመልከት። ፈረንሳዊው ዳጌር የፎቶግራፍን ብልኃት በ1839 ዓ.ም. ለዓለም ከገለጠ ወዲህ፣ ለብዙ ዘመን ፎቶግራፍ ማንሣት የጭነት ሥራ ነበር። ሥዕሉ የሚታተመው በብረት ወይም በመስተዋት ሰሌዳ ላይ ስለ ነበረ፣ ባለሙያው ሰሌዳውን፣ መድኃኒቱንና ባለ ሦስት እግሩን መቆሚያ ሁሉ ተሸክሞ ወይም አሸክሞ መሄድ ነበረበት። በ1888 ዓ.ም. አሜሪካዊው ጆርጅ ኢስትማን ኮዳክ የተባለውን፣ 100 ሥዕል የሚያነሣ ጥቅልል የጎረሰ ሣጥን ለገበያ አወጣ። ቀጥሎም በጀርመን አገር፣ ቬትስላር በምትባል ከተማ፣ ኦስካር ባርናክ የተባለ መሐንዲስ ከ1913 እስከ 1914 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ለሲኒማ በሚያገለግለው ፊልም የምትሠራ ትንሽ ካሜራ ሠራ። ይህች ካሜራ በ1925 ዓ.ም. ላይካ በሚል ስም ተሸጠች። የምታነሣው ሥዕል ወርዱ 24፣ ርዝመቱ 36 ሚሊ ሜትር ብቻ ነበር። ሆኖም በኮት ኪስ ልትገባ የምትችል በመሆኗ፣ ፎቶግራፍ አንሺው ሰው ወዳለበት ሁሉ እንዲደርስ እግር ሆነችው።

ፊልሙስ እንዴት ይሠራል? ብርሃን የሚሰማው የብር ውሑድ በጄላቲን ተለውሶ በስስ ልጥፍ ላይ ይቀባል። ብርሃን የነካው ቅንጣት በዓይን የማይታይ ምልክት ይይዛል፤ በጨለማ ክፍል ውስጥ በመድኃኒት በታጠበ ጊዜም ያ ቅንጣት ወደ ጥቁር ብር ይለወጣል። ብርሃን የበዛበት ጠቁሮ፣ ጥላ የነበረው ነጥቶ ይወጣል፤ ነጋቲቭ የምንለው ይህ ነው። በነጋቲቩ በኩል በወረቀት ላይ ብርሃን ሲያበሩ ደግሞ ጥቁሩና ነጩ ተገልብጦ እውነተኛው መልክ ይገኛል። ከእናንተ መካከል ፊልም ወደ ፎቶ ቤት ወስዶ ያሳጠበ ሰው ሁሉ የዚህን ነገር ጣዕም ያውቀዋል፤ ሥዕሉ ወጥቶ እንደ ሆነ ወይም ተቃጥሎ እንደ ሆነ ሳያውቁ መጠበቅ ነበርና።

ሳልጋዶ ከ1973 ዓ.ም. በኋላ ባሉት ዓመታት አብዛኛውን ሥራውን የሠራው በላይካና በጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። በአንድ ጥቅልል ላይ የሚነሣው ሥዕል 36 ብቻ ነው። እነዚህ ሠላሳ ስድስቱ ሲያልቁ ፊልሙን አውጥቶ ሌላ ማግባት ያስፈልጋል፤ ያን ጊዜ ከፊት የሚያልፈው ነገር አይመለስም። ስለዚህ ፊልሙ ባለሙያውን ሳያነሣ ማየትን፣ አይቶም መጠበቅን ያስተምረዋል። ከታጠበም በኋላ የፊልሙ ቁራጮች በአንድ ወረቀት ላይ ተደርድረው፣ ሥዕሎቹ ሁሉ በፊልሙ ልክ በጥቃቅኑ ይታተማሉ። ይህ ኮንታክት የሚባለው ወረቀት ነው። ሳልጋዶ በዚህ ወረቀት ላይ አጎንብሶ በአጉሊ መነጽር እያንዳንዱን ሥዕል ይመረምር፣ የሚጣለውን ይጥል፣ የሚቀረውን ያስቀር ነበር። እውነተኛው ሥራ ማንሣቱ ብቻ ሳይሆን ይህ ምርጫም ጭምር መሆኑን ልብ በሉ።

በ1984 ዓ.ም. ሳልጋዶ ድንበር የለሽ ሐኪሞች ከተባለው ድርጅት ጋራ ሆኖ፣ ድርቅና ረኃብ ወደ መታቸው የአፍሪካ አገሮች መጣ። ከነዚህም አንዷ አገራችን ነበረች። በእኛ አቆጣጠር የ1977 ዓ.ም. ረኃብ በሚባለው በዚያ ጊዜ፣ በኮረም መጠለያ ውስጥ የነበሩትን ወገኖቻችንን ሥዕል አነሣ። በነዚያ ሥዕሎች ላይ ጋቢ የተከናነቡ አባቶች፣ ልጆቻቸውን ያቀፉ እናቶች፣ በጧቱ ጭጋግ መካከል ቆመው ይታያሉ። ከኢትዮጵያ ሌላ በሱዳን፣ በቻድና በማሊ ያነሣቸው ሥዕሎችም ተጨምረው በ1986 ዓ.ም. በመጽሐፍ ታተሙ፤ መጽሐፉም ለሐኪሞቹ ድርጅት መርጃ እንዲሆን ተደረገ።

ከዚያ በኋላ በ1986 ዓ.ም. በብራዚል፣ ሴራ ፔላዳ በተባለው የወርቅ ጉድጓድ ውስጥ ወደ 50 ሺህ የሚሆኑ ሰዎች በጆንያ አፈር ተሸክመው በመሰላል ሲወጡና ሲወርዱ አነሣ። በ1993 ዓ.ም. ስለ ሠራተኞች፣ በ2000 ዓ.ም. ስለ ስደተኞች ታላላቅ መጻሕፍት አሳተመ። ነገር ግን በ1994 ዓ.ም. በሩዋንዳ የደረሰውን እልቂት ካየ በኋላ ሰውነቱም መንፈሱም ተጎዳ፤ ፎቶግራፍ ማንሣቱንም ለጊዜው ተወ። ከባለቤቱ ጋራ ወደ ወላጆቹ እርሻ ተመልሶ ደኑ ተመንጥሮ የተራቆተውን መሬት ዛፍ ይተክልበት ጀመር። በ1998 ዓ.ም. ለዚሁ ሥራ ያቋቋሙት ድርጅት ከ2 ሚሊዮን የሚበልጡ ችግኞች ተክሏል። ደኑ ሲያገግም የሰውየውም ልብ አገገመ፤ የሰው እጅ እምብዛም ያልነካውን የምድር ክፍል ሥዕል ለማንሣት ተነሣሣ። ይህንን ሥራ «ዘፍጥረት» ብሎ ሰየመው፤ የጀመረውም በ2004 ዓ.ም. ነው።

የመሣሪያው ጉዳይ የከበደው እዚህ ላይ ነው። ሳልጋዶ ተራራና ዱር በትልቁ ታትሞ እንዲታይ ስለ ፈለገ፣ ላይካን ትቶ ፔንታክስ 645 የተባለውን ትልቅ ካሜራ ያዘ። የዚህ ካሜራ ነጋቲቭ ስፋቱ ከላይካ ነጋቲቭ ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ነው። ሥዕሉ እጅግ የጠራ ሆነ፤ ጭነቱ ግን በዚያው ልክ ከበደ። ለብዙ ሳምንታት ወደ በረሃና ወደ በረዶ አገር የሚሄድ ሰው በመቶ የሚቆጠር የፊልም ጥቅልል ይዞ መጓዝ አለበት። ከክብደቱም የባሰ ችግር ነበር። ከመስከረም 11 ቀን 2001 ዓ.ም. አደጋ በኋላ በዓለም አየር ማረፊያዎች ፍተሻው ጠበቀ። የመፈተሻው ጨረር ደግሞ እንደ ብርሃን ሁሉ ፊልምን ይነካል፤ ፊልሙ በፍተሻው ባለፈ ቁጥር ጉዳቱ እየተደመረ ይሄዳል። አንድ ጊዜ ቢያልፍ ላይታወቅ ይችላል፤ ሩቅ ቦታ ለመድረስ በአምስትና በስድስት አየር ማረፊያ ያለፈ ፊልም ግን በጥቁርና በነጩ መካከል ያለው ለስላሳ ግራጫ ይበላሻል። ሳልጋዶ በየአየር ማረፊያው ፊልሙ በእጅ እንዲፈተሽለት ሹማምንቱን መለመን ሆነ ሥራው።

በዚህ ጊዜ ሌላው መሣሪያ ደርሶ ነበር። በ1969 ዓ.ም. ቦይልና ስሚዝ የተባሉ በአሜሪካ የሚሠሩ ሁለት ሊቃውንት ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ረቂቅ ዕቃ አሰቡ፤ ስለዚህም በ2009 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ። በ1975 ዓ.ም. ስቲቨን ሳሶን የተባለ የኮዳክ ወጣት መሐንዲስ በዚህ ብልኃት የመጀመሪያውን ዲጂታል ካሜራ ሠራ። ክብደቱ 3.6 ኪሎ ግራም ነበር፤ አንዱን ሥዕል በካሴት ክር ላይ ለመቅዳት 23 ሴኮንድ ይፈጅበት ነበር፤ ሥዕሉም ከ10 ሺህ ነጠብጣቦች ብቻ የተሠራ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ግን ሳልጋዶ ያገኘው ካነን የተባለ ካሜራ በ21 ሚሊዮን ነጠብጣብ ሥዕል የሚሠራ ነበር። ሳሶን ይሠራበት የነበረው የኮዳክ ኩባንያ ግን በፊልም ገቢው ተማምኖ ቆይቶ፣ በ2012 ዓ.ም. ዕዳውን መክፈል አቅቶት ወደ ፍርድ ቤት ቀረበ። አዲሱን ነገር መፍጠር አንድ ነገር ነው፤ በፈጠሩት መኖር ግን ሌላ ነው።

ሳልጋዶ አዲሱን ካሜራ ሞክሮ ጥራቱ ከትልቁ ፊልም እንደማያንስ ባየ ጊዜ፣ በዚያው በ2008 ዓ.ም. ተሻገረ። እንግዲህ አንባብያን ሆይ፣ የተሻገረበትን አኳኋን አስተውሉ። በመቶ የሚቆጠረውን ጥቅልል ጣለ፤ በምትኩ በኪስ የሚያዙ ጥቂት ካርዶች ተተኩ። የጨረሩን ፍርሃት ጣለ፤ ካርዱን የፍተሻ ጨረር አይጎዳውምና። ነገር ግን በኮምፒዩተር መስኮት ላይ እያየ መምረጥ አልወደደም። ከዲጂታሉ ካሜራ የወጡት ሥዕሎች እንደ ድሮው በኮንታክት ወረቀት ላይ በጥቃቅኑ እንዲታተሙለት አደረገ፤ እንደ ድሮውም በአጉሊ መነጽር እያየ መረጠ። በ2004 ዓ.ም. በፊልም የተነሣውና በኋላ በዲጂታል የተነሣው በአንድ መጽሐፍ ሲገናኙ መልካቸው እንዳይለያይ፣ ለአዲሶቹ የፊልሙ ዓይነት የቅንጣት መልክ ተሰጣቸው። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን ለመታተም ከተመረጡት ሥዕሎች እንደ ገና በፊልም ላይ ነጋቲቭ ማሠራቱ ነው። ከዚያም ነጋቲቭ በቀድሞው የጨለማ ክፍል ብልኃት ወረቀት ላይ ይታተም ነበር።

«ፊልምን ጥሎ እንደ ገና ወደ ፊልም መመለስ ምን ይጠቅማል?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ጥቅሙ ግልጽ ነው። ነጋቲቭ ወደ ብርሃን ቢያነሡት በዓይን ይታያል፤ ከፀሐይ በቀር መሣሪያ አይፈልግም። በካርድ ውስጥ ያለ ሥዕል ግን ኤሌክትሪክ፣ ኮምፒዩተርና ቋንቋውን የሚያነብ ፕሮግራም ካላገኘ ከቶ አይታይም። በየመሥሪያ ቤታችሁ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ የቀረ ፍሎፒ ዲስክ ያለ እንደ ሆነ አውጥታችሁ ተመልከቱት። በላዩ «አስፈላጊ» ተብሎ ተጽፎ ይሆናል፤ ዛሬ የሚሠራው ኮምፒዩተር ግን የሚጎርስበት አፍ የለውም። በአንጻሩ በብረት ሰሌዳ ላይ የታተሙት የ1840ዎቹ ሥዕሎች በየቤተ መዘክሩ ዛሬም በዓይን ይታያሉ።

በዚያው በ2008 ዓ.ም. ሳልጋዶ እንደ ገና ወደ ኢትዮጵያ መጣ። ከላሊበላ ተነሥቶ እስከ ሰሜን ተራሮች ድረስ፣ ወደ 850 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን መንገድ በእግሩ ተጓዘ። ሃያ አራት ዓመት አስቀድሞ ረኃብ ያየበትን ሰሜኑን አገር፣ አሁን ገደሉን፣ እርከኑንና ጥንታዊ አብያተ ክርስቲያናቱን ሊያነሣበት ተመለሰ። የኮረምን ሥዕል ያዩ የውጭ አገር ሰዎች አገራችን ከመከራ ሌላ ምንም የሌላት ይመስላቸው እንደ ነበረ እናውቃለን። አንዱ ዓይን ሁለቱንም ማየቱ፣ አይቶም ማሳየቱ፣ ስለዚህ ለእኛ ተራ ነገር አይደለም።

የሰውየውን በጎነት ስንናገር የቀረበበትን ነቀፌታ መደበቅ አይገባንም። አሜሪካዊቷ ደራሲ ሱዛን ሶንታግ በ2003 ዓ.ም. ባሳተመችው መጽሐፍ፣ በሳልጋዶ የስደተኞች ሥዕሎች ሥር የሰዎቹ ስም አለመጻፉን ተቃውማለች። የታወቀው ሰው ሥዕል በስሙ ሲጠራ፣ ድኻው ግን የመከራው ምሳሌ ብቻ ሆኖ ይቀራል ማለቷ ነው። ሳልጋዶ በበኩሉ የሰዎቹን ክብር እንደሚያሳይ ይናገር ነበር። ክብራቸው በእውነት ይታያል፤ ነገር ግን ነቀፌታው ባዶ አይደለም። በኮረም ሥዕል ላይ ያለው ሕፃን በሕይወት ተርፎ እንደ ሆነ ዛሬ የጎለመሰ ሰው ነው፤ ልጆችም ይኖሩት ይሆናል። ሥዕሉ በታላላቅ አገሮች አዳራሽ ተሰቅሎ ታይቷል፤ ከሥሩ የሚነበበው ግን የቦታው ስምና ዓመቱ ነው። ልጆቹ በዚያ አዳራሽ ቢያልፉ አባታቸውን የሚያውቁበት ምን ምልክት አለ?

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የምንማረው ይህ ነው። ካሜራ፣ ፊልምም ሆነ ዲጂታል፣ መልክን ይይዛል እንጂ ስምን አይዝም። ዛሬ በኪሳችሁ ያለው ስልክ ቀኑን፣ ከፈቀዳችሁለትም ቦታውን ከሥዕሉ ጋራ ይመዘግባል። ከአያታችሁ አጠገብ የቆሙት ሴት የማን እናት እንደ ሆኑ፣ ያ ቀን ተዝካር ይሁን ሠርግ፣ የሚያውቅ ሰው ካልነገረው ግን አያውቅም። ያን የሚያውቁት ሽማግሌዎች ደግሞ ከኛ ጋራ ለዘለዓለም አይቆዩም።

በየመሥሪያ ቤቱ የቆየ የሠራተኛ ማኅደር ብትከፍቱ በሽቦ የተያያዘች አንዲት ጉርድ ፎቶግራፍ ታገኛላችሁ። ያነሣት ዝነኛ ሰው አይደለም፤ ወረቀቷም ቢጫ ሆኗል። ነገር ግን ከጎኗ ሙሉ ስም፣ የአባት ስም፣ የትውልድ ቦታና የተቀጠሩበት ቀን ተጽፏል። በታላቁ ባለሙያ ሥዕል ላይ የጎደለው ነገር በዚህች በትንሿ ሥዕል ዘንድ አለ፤ ይህንም ያደረገ ስሙ የማይታወቅ አንድ የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ነው። ስለዚህ ማኅደሩ ወደ ኮምፒዩተር ሲገባ ሥዕሏን ከስሟ የሚለያይ አሠራር እንዳይመጣ መጠንቀቅ የእናንተ ተራ ነው።

በቤታችሁም ቢሆን ነገሩ ያው ነው። በስልካችሁ ካሉት በሺህ ከሚቆጠሩት ሥዕሎች፣ ሳልጋዶ በአጉሊ መነጽር እንዳደረገው፣ በየዓመቱ ጥቂቶቹን ምረጡ። የመረጣችሁትን በወረቀት አሳትሙ። ካሳተማችሁም በኋላ በጀርባው ስሙን፣ ቦታውንና ዓመቱን ጻፉ፤ የማታውቁትንም ሰው ሽማግሌዎቹ ሳሉ ጠይቁ። አበው «በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ለንግግር ብቻ አይደለም፤ ለሥዕልም ይሆናል።

ሴባስቲያኦ ሳልጋዶ ግንቦት 23 ቀን 2025 ዓ.ም. በ81 ዓመቱ በፓሪስ ዐረፈ። ካሜራዎቹ ወደ ፊት በሌሎች ይተካሉ፤ ዛሬ አዲስ የምንለውም ነገ አሮጌ ይባላል። መሣሪያው በተለወጠ ቁጥር ግን አይቶ መጠበቅ፣ ለይቶ መምረጥ፣ መርጦም ለሚመጣው ትውልድ በሚነበብ መልክ ማኖር እንደ ቀድሞው ለሰው የተተወ ሥራ ነው።